«ጎንበስ በሉ፣ ትራፊክ አለ!»

ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ መገናኛ። ወደ አያት የሚሄደው ሰልፍ መጨረሻው አይታይም። ግማሹ ሰው ስልኩን ይነካካል፣ ግማሹ አስፋልቱ ላይ አፍጥጧል። አንድ ሰማያዊ በነጭ ሚኒባስ ከሩቅ ብቅ ሲል ሰልፉ በሙሉ አንገቱን ያሰግጋል። ሚኒባሱ ግን ሰልፉ ጋ አይደርስም። ሃምሳ ሜትር ያህል ሲቀረው ጥጉን ይይዝና ረዳቱ የተከለከለ ዕቃ እንደሚሸጥ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲኤምሲ! ሲኤምሲ ብቻ!» ይላል። ታፔላው «መገናኛ – አያት» ነው የሚለው። ማን ያነበዋል? በዚያች ቅጽበት ሰልፉ ፈርሷል። አንድ ሰዓት ሙሉ በወግ በማዕረግ ቆሞ የነበረ ሰው ይሮጣል። የሮጠ ገባ፣ ያልሮጠ ቀረ።

ውስጥ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ለሦስት ሰው የተሠራው ወንበር አራት ሰው ይይዛል። ከሾፌሩ ጀርባ ያለችው ጠባብ ቦታ ወንበር ትሆናለች። ጸጉራቸው የሸበተ አንድ ሰውዬ የወረቀት ፋይል በብብታቸው ይዘው በሩ አጠገብ በግማሽ ጎናቸው ተንጠልጥለዋል። ጉርድ ሾላ ሳይደርሱ ረዳቱ ወደፊት አሻግሮ ያይና ይጮኻል፦ «ትርፍ የሆናችሁ ጎንበስ በሉ፣ ትራፊክ አለ! ፋዘር፣ ለአንድ ደቂቃ ነው፣ ዝቅ በሉልኝ።»

ሰውዬው ጎንበስ ይላሉ። ፋይሉ ይታጠፋል፣ ግንባራቸው የሰው ጉልበት ይነካል። ታክሲው ትራፊክ ፖሊሱን ያልፋል። «ተነሱ!» ይባላል፣ ይነሳሉ። ከኋላ ወንበር ሳቅ ይሰማል። እሳቸውም ፈገግ ይላሉ።

እስቲ ይህችን ሳቅ ልብ በሏት።

ታክሲ ከልክ በላይ እንዳይጭን የተከለከለው ለእኒሁ ሰውዬ ሲባል ነው። አደጋ ቢደርስ እንዲተርፉ። ዋጋቸውንም ሙሉውን ከፍለዋል፤ ትርፍ ናቸው ተብሎ ሳንቲም አልተቀነሰላቸውም። የተደበቁት ግን እሳቸው ናቸው። የተደበቁትም ሊጠብቃቸው ከቆመ ፖሊስ ነው። የተበደለው ሰው በገዛ ገንዘቡ የበዳዩ ተባባሪ ሆኗል ማለት ነው። አበው «የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል» ይላሉ። የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ሞኝ ሆኖ አይደለም የሚስቀው። ካልሳቀ ምን ያድርግ? «አልጎነበስም» ያለ ሰው መልሱን ያውቀዋል፤ «እሺ ውረድ!» ነው።

እዚህ ላይ የለመደው ንዴት ይመጣል። ወያላው! የሰው ልጅ መከራ ሁሉ መነሻው ወያላው ነው። «ዝርዝር የለም» ብሎ መልስ ያስቀራል። አራት ወንበር ባዶ ሆኖ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ሰው ያታልላል። መንገዱን ቆራርጦ በአንድ ጉዞ ሁለቴ ያስከፍላል። እናት አባት የሆነን ሰው ይሳደባል። ሙዚቃውን ጆሮ እስኪበሳ ይከፍታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነውሩም የእሱ ነው፤ ድህነት ለስድብ ፈቃድ አይሰጥም።

ነገር ግን ንዴቱ እዚያ ላይ ከቆመ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ነው።

የታክሲውን ሒሳብ እንመልከት ለሚል ሰው ሒሳቡ ቀላል ነው። ብዙው ሾፌር የሚነዳው የራሱን መኪና አይደለም። ለባለንብረቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል። ዝናብ ዘነበ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን ዋለ፣ ገቢው ያው ነው። ነዳጁን ይቀዳል፣ ለተራ አስከባሪ ይከፍላል፣ ለረዳቱ ይሰጣል። የተረፈችው የእሱ ናት። ታሪፉ ደግሞ የሚቆረጠው በኪሎ ሜትር ነው። ከመገናኛ አያት ያለው ርቀት ቀትር ላይም ምሽት ላይም አንድ ነው። የሚወስደው ጊዜ ግን አንድ አይደለም። ቀትር ላይ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ጉዞ ምሽት ላይ እጥፍና ከእጥፍ በላይ ይፈጃል። ክፍያው ግን ያው ነው።

ስለዚህ የዚህች ከተማ ታክሲ ሰው በጣም በሚፈልገው ሰዓት ነው በጣም የማያዋጣው። ሾፌሩ ሕጉን አክብሮ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ታፔላው እንደሚለው እስከ አያት፣ ትርፍ ሳይጭን ቢሄድ የቀን ገቢውን ላይሞላ ይችላል። ቆራርጦ፣ አጭቆ፣ ከሰልፉ ርቆ ቢጭን ይሞላል። ሕግ ያከበረ የሚከስርበት ሥርዓት ተዘርግቶ ሲያበቃ «ለምን ሕግ አያከብሩም» ማለት ቀልድ ነው።

ይህን ሒሳብ ከተማዋ አታውቀውም እንዳይባል፣ በደንብ ታውቀዋለች። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ታክሲዎች በግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭኑ ሲታዘዝ ታሪፉም እጥፍ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ለምን? ግማሽ ሰው በሙሉ ታሪፍ እንደማያዋጣ ሁሉም ስለገባው። በሽታው ሲመጣ የሾፌሩ ሒሳብ በጥቂት ቀን ውስጥ ታሰበ። ሰልፉ ግን በሽታ ስላልተባለ እስከዛሬ ማንም አላሰበለትም።

የምሽቱ ሰልፈኛ ከቆመበት ብዙም ሳይርቅ የባቡር ጣቢያ አለ። የሚሄደውም እሱ ወደሚፈልገው ነው፤ አያት። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከተማው በደስታ ሰክሮ ነበር፣ ቢሰክርም አይፈረድበትም። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ 30 ኪሎ ሜትር አልፎ የተዘረጋ ሐዲድ፣ 41 ባቡሮች፣ 475 ሚሊዮን ዶላር። ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ሲጀምር 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር ዋጋው። ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ ሁሉ ተሳፈረበት።

ከዚያስ? ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ከባቡሮቹ ከግማሽ በላዩ ቆሙ። የተሰጠው ምክንያት የመለዋወጫ እጦት ነው። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው፣ የውጭ ምንዛሪ ደግሞ አልነበረም። ሐዲዱ አለ፣ ጣቢያው አለ፣ ብድሩ አለ። የጎደለው ባቡሩ ነው። የምሽቱ ሰልፈኛ ልጆቹ ሳይቀሩ የሚከፍሉት ዕዳ ያለበትን ሐዲድ አሻግሮ እያየ የማይመጣ ታክሲ ይጠብቃል።

የባቡሩ ታሪክ ስለ ባቡር ብቻ አይደለም። በዚህች ከተማ የሚገዛ ነገር ባለቤት አለው። ሪባኑን የሚቆርጥ አለ፣ ንግግር የሚያደርግ አለ፣ ፎቶ የሚነሳ አለ። የሚጠገን ነገር ግን ባለቤት የለውም። ብሎን ተቀየረ ተብሎ ሪባን አይቆረጥም። አንበሳ አውቶቡስ በ1935 ዓ.ም. የተመሠረተ ድርጅት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት አውቶቡስ ተገዛ የሚለው ዜና በየጊዜው ይነገራል። ዛሬ ጠዋት ስንቱ ከጋራዥ ወጣ የሚለው ግን ዜና ሆኖ አያውቅም። ተሳፋሪው ደግሞ የሚሳፈረው በተገዛው ሳይሆን ከጋራዥ በወጣው ነው።

በዚህ መሀል ከተማዋ ሰውን አራቀች። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ ተሠሩ። ዕጣ የደረሰው እልል ብሎ ገባ፣ እልልታውም የተገባ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሳው ሰው ወደ ዳር ሄደ። ቤቱ ወደ ዳር ሲሄድ ሥራው ግን መሀል ቀረ። መርካቶ ያለው መርካቶ ነው፣ ቦሌ ያለው ቦሌ ነው። ትናንት ከቤቷ ወጥታ በእግሯ አሥር ደቂቃ ተጉዛ ሥራዋ ትገባ የነበረች ሴት ዛሬ ሁለትና ሦስት ታክሲ ትቀያይራለች። ቤት የሰጣት ክፍል የቤቱን ቁልፍ አስረከባት። የመንገዱን ነገር የጠየቀው ማን ነው?

በመሀል ከተማ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፣ ሣሩ ተተክሏል። ይህን መካድ አይገባም፤ በዚህች ከተማ ብዙው ሰው በእግሩ ነውና የሚሄደው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ውለታ ነው። ግን ሰልፉ የቆመበት ንጣፍ አማረ እንጂ ሰልፉ አላጠረም።

አሁን ደግሞ ማንም በስልኩ ማስያ የሚሠራትን አንዲት ሒሳብ እስቲ ሥሯት። አንዲት ሠራተኛ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት ትጠብቃለች እንበል። ጉዞው ሳይሆን መጠበቁ ብቻ። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በዓመት 50 ሳምንት። 600 ሰዓት ይመጣል። 600 ሰዓት ማለት 25 ሙሉ ቀንና ሌሊት ነው። በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሲቆጠር ደግሞ 75 የሥራ ቀን። ሦስት ወር ያህል ተቀጥራ የምትሠራበትን ጊዜ በየዓመቱ አስፋልት ዳር ቆማ ትጨርሰዋለች። ደሞዝ የለውም፣ እረፍት አይደለም፣ የዓመት ፈቃድ አይባልም።

መንግሥት ከደሞዟ ግብር ሲቆርጥ ቢያንስ ወረቀት ይሰጣታል። ይህኛው ግብር ደረሰኝ የለውም። የሚከፍለውም ድሃው ነው። መኪና ያለው መጨናነቁን ይከፍላል እንጂ ሰልፉን አይከፍልም፤ ትንሽ የተረፈው በስልኩ ራይድ ይጠራል። ሙሉውን የሚከፍለው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ በጨለማ የሚወጣው ነው። ሴት ከሆነች በዚያ ጨለማ ውስጥ ሌላም ፍርሃት ጨምራ ትከፍላለች። አሥር ደቂቃ ያረፈደች ቀን አለቃዋ ይቆርጥባታል፣ «ታክሲ አጥቼ ነው» ማለት ሰበብ ሆኗላ! ማታ ደግሞ ሕፃኑን የምትጠብቅላት ጎረቤት ፊቷን ታጠቁርባታለች። ሕፃኑ እናቱን የሚያውቃት ተኝቶ ሲነቃ፣ ነቅቶ ሲተኛ ነው።

ልብ ያለ ሰው በዚህች ከተማ በየቀኑ ስንት ጊዜ «የለም» እንደሚባል ይቁጠር። ባንክ ሲሄድ «ሲስተም የለም»። ቤቱ ሲገባ «መብራት የለም»። ታክሲ ውስጥ «ዝርዝር የለም»። ባቡር ጣቢያ «መለዋወጫ የለም»። ሰልፍ ላይ «ታክሲ የለም»። «የለም» ምቹ ቃል ናት፤ ባለቤት የላትም። ማን አጠፋው፣ ማን ማምጣት ነበረበት፣ መቼ ይመጣል ብላ አትጠይቅም። ዝናብ የለም እንደማለት ነው፤ ከላይ የመጣ ነገር ይመስላል። ታክሲ ግን ከሰማይ አይዘንብም። ታክሲ ጠፋ ማለት የሆነ ሰው ስምሪቱን አላሰማራም፣ የሆነ ሰው ታሪፉን ሲያወጣ መጨናነቁን አላሰበም፣ የሆነ ሰው ሰፈር ሲሠራ መንገድ ረሳ ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ ቢሮ አላቸው፣ ደሞዝ አላቸው፣ ብዙዎቹም ከቤት ቢሮ የሚያመላልሳቸው መኪና አላቸው።

እዚህ ላይ መልስ የሚሰጡ አሉ። «ነዳጅ ውድ ነው፣ አገሩም ድሃ ነው» ይላሉ። ትክክል ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ ሲወሰን ለሕዝብ ማመላለሻ ግን ድጎማው ተለይቶ እንዲቀጥል ተደርጎ ነበር። መልካም ሐሳብ ነው። ግን ድጎማው የታሰበው ለተቀዳው ሊትር እንጂ ቤቱ ለደረሰው ሰው አልነበረም። ሾፌሩ በድጎማ ቀድቶ ቢቆራርጥም ባይቆራርጥም፣ ምሽት ላይ ቢሠራም ቢያቆምም ድጎማው ያው ነበር። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ሰልፉ ግን የት እንደደረሰ አያውቅም።

«ትልልቅ ከተሞች ሁሉ እንዲህ ናቸው» የሚሉም አሉ። ትልልቅ ከተሞች ይጨናነቃሉ፣ እውነት ነው። የሥራ ሰዓት ሲያልቅ መጓጓዣው የሚጠፋበት ከተማ ግን መጨናነቅ ሳይሆን መተው ነው የሚባለው።

«ሕዝቡ ራሱ ሥርዓት የለውም፣ ሰልፍ ያፈርሳል» ይባላል። ያው ሕዝብ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይገፋፋ ተሰልፎ ነበር። ሰልፉን ያፈረሰው ታክሲው ሃምሳ ሜትር ርቆ ሲቆም ነው። በሥርዓት የቆመ የሚቀጣበት ቦታ ላይ ሥርዓት አይለመድም።

የማይቻል ነገር ነው የሚል ካለ ደግሞ ፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስን ይመልከት። የመንግሥት ሠራተኛ መታወቂያውን አሳይቶ በነጻ ይሳፈራል። ሰዓቱ ይታወቃል፣ መሥመሩ ይታወቃል። አሠሪው ሠራተኛው በሰዓቱ እንዲገባለት ፈለገ፣ ስለፈለገም አውቶቡስ መደበ። ይህ የሚያሳዝን ሳይሆን የሚያስቀና ነገር ነው። ቀሪው ከተሜ፣ የልብስ ሰፊው፣ የግንበኛው፣ የአስተናጋጇ፣ የሱቅ ሠራተኛው ሰዓት ግን ፈላጊ አላገኘም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቢሊዮን የማይጠይቁ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ሰልፉ ይቆጠር። በየተርሚናሉ የስምሪት ሠራተኛ አለ። ሰው ስንት ደቂቃ እንደቆመ መመዝገብ እርሳስና ሰዓት ብቻ ይጠይቃል። ታሪፉ በየጣቢያው እንደሚለጠፍ ሁሉ «በዚህ መሥመር ባለፈው ሳምንት ምሽት ላይ ሰው በአማካይ ይህን ያህል ደቂቃ ጠብቋል» የሚል ወረቀት ይለጠፍ። ከሥሩ የኃላፊው ስምና ስልክ ይጻፍ። ያልተቆጠረ ነገር አይቀንስም፤ ባለቤት የሌለው ነገርም አይሻሻልም።

ሁለተኛ፣ ድጋፉ በሊትር ሳይሆን በጉዞ ይሁን። ጠዋትና ማታ፣ ታፔላው እንደሚለው ሳይቆራርጥ፣ ትርፍ ሳይጭን፣ ከሰልፉ ፊት ቆሞ ጭኖ መሥመሩን የጨረሰ ታክሲ ለዚያ ጉዞ ይደጎም። ያኔ ሕግ ያከበረ ይተርፈዋል፤ የቆራረጠ ይጎድለዋል። ዛሬ ግን ተገላቢጦሽ ነው።

ሦስተኛ፣ አውቶቡስ የራሱ መሥመር ይኑረው። ስልሳ ሰው የጫነ አውቶቡስ አንድ ሰው ከያዘች መኪና ጀርባ ተሰልፎ መቆሙ ፍትሕ አይደለም። ቀለምና የሚያስከብር ፖሊስ ይበቃዋል። ትርፍ የሚቆጥረው ትራፊክ ፖሊስ ወደ አውቶቡሱ መሥመር የገባችውንም የባለሥልጣን መኪና ይቁጠር።

አራተኛ፣ አዲስ ነገር ከመገዛቱ በፊት የቆመው ይነሳ። ሪባን ካስፈለገም ለተጠገነ ባቡር ሪባን ይቆረጥለት። ያኔ ተሳፋሪው ራሱ ወጥቶ ያጨበጭባል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። ታሪፍ የሚወስነው፣ ስምሪት የሚያወጣው፣ ሰፈር የሚያቅደው ኃላፊ ለአንድ ወር መኪናውን ያቁምና ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መገናኛ ይሰለፍ። ካሜራ ሳይዝ፣ አጃቢ ሳያስከትል። ይቁም፣ ይሩጥ፣ ጠጋ ጠጋ ይበል። ጉርድ ሾላ ሲደርስ «ጎንበስ በሉ» ሲባል ጎንበስ ይበል። በሳምንቱ ሥራው በፍጥነት መሄድ ይጀምራል።

እኒያ ሸበቶ ሰውዬ ያን ምሽት ሲኤምሲ ላይ ወረዱ። ታክሲው ከዚያ አያልፍም ተብሎ ነበርና። የታጠፈውን ፋይል በእጃቸው አቃኑት፣ ኮታቸውን አራገፉ። ታክሲው ፊቱን ወደ መገናኛ አዞረ። እሳቸው ደግሞ መንገዱን ተሻግረው ወደ አያት የሚሄደውን ሌላ ሰልፍ ከጅራቱ ያዙ። ፊታቸው ሠላሳ ያህል ሰው ነበር።

ቸር አምሹ።